የአገልግሎት እቅዳችሁ ሲሰናከል

ሐሙስ ማታ ነበር። እሑድ አዲስ የአገልግሎት ጣቢያ ልንከፍት ሦስት ወር ስንጾም፣ ስንጸልይ፣ ገንዘብ ስናዋጣ ከርመናል። የተከራየነው አዳራሽ ባለቤት ቀብዳችንን በነጭ ፖስታ አድርጎ መለሰልን። ምክንያቱን አልነገረንም፤ ቀና ብሎም አላየንም። 60 የፕላስቲክ ወንበር የጫነ አይሱዙ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ሾፌሩ "ወዴት ላድርስላችሁ?" ይላል። ከሰባታችን አንዱ ወንድም "ይሄ የጠላት ሥራ ነው፤ ቆመን እንገሥጸው" አለ። አንዲት እህት ደግሞ "ጌታ አልፈቀደውም ማለት ነው" ብላ አለቀሰች። ሁለቱም የጸሎት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱንም አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ፖስታው እጃችን ከገባ አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላውም ነበር።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ማታ ለሚገጥማችሁ ነው። ለወንጌል ጉዞ ተዘጋጅታችሁ የፈቃድ ደብዳቤ ለቀረባችሁ፣ በውጭ አገር ከሰዓት በኋላ የምታመልኩበትን የኪራይ ቤተ ክርስቲያን "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ልቀቁልን" ለተባላችሁ፣ በዐረብ አገር በዓርብ ዕረፍታችሁ የምትሰበሰቡበትን ቤት ላጣችሁ እህቶች። "በእግዚአብሔር ታመኑ" የሚለውን ምክር ከሁሉም አፍ ትሰማላችሁ፤ እውነትም ነው። ግን የታመነ ሰው ዓርብ ጠዋት ከእንቅልፉ ተነሥቶ ምን ይሠራል? በአገልግሎት ስቆይ የተማርኩትን፣ ግማሹንም ከተሳሳትኩ በኋላ የተማርኩትን፣ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ያን ማታ ምንም አትወስኑ

የመጀመሪያው ሥራ ዝም ማለት ነው። አገልግሎቱን አትሰርዙ፤ "የመጣው ይምጣ እንቀጥላለን" ብላችሁም አትማሉ። በቡድናችሁ ቴሌግራም ላይ በተሰበረ ድምፅ መልእክት ቀድታችሁ አትላኩ። በሩን የዘጋውን ሰው ደውላችሁ አትውቀሱት። እራት ብሉና ተኙ።

ይህን የምለው ቀልዴን አይደለም። ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን እግዚአብሔር ስለ አገልግሎቱ ወዲያው አላነጋገረውም። መልአኩ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በላ፣ ተኛ፤ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። "ምን ታደርጋለህ?" የሚለው ጥያቄ የመጣው ከብዙ ቀን በኋላ ኮሬብ ላይ ነው። ጌታ የደከመ ሰው ምን መስማት እንደሚችልና እንደማይችል ያውቃል።

በማግስቱ ደብተር አውጡና ገጹን በቁም ለሁለት ክፈሉት። በግራ የሆነውን ብቻ ጻፉ፤ በቀኝ ስለሆነው ነገር የምታስቡትን። "ባለቤቱ ሐሙስ 12 ሰዓት ላይ ቀብዱን መለሰ" በግራ ይገባል። "ሰዎች አስፈራርተውት ነው"፣ "ሰይጣን ተቃወመን"፣ "ጌታ ከለከለን" በቀኝ ይገባሉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ግራው ሦስት መስመር፣ ቀኙ ገጽ ሙሉ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የኛም እንደዚያ ነበር። ደብተሩን አስቀምጡት፤ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

2. ሸክሙን ከእቅዱ ለዩ

ከምነግራችሁ ሁሉ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡልኝ። ሸክም ጌታ በልባችሁ ያኖረው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሰዎች ፊት አለበት። እቅድ ደግሞ ሸክሙን ለመወጣት እኛ ቁጭ ብለን የቀየስነው መንገድ ነው። የኛ ሸክም ያ ሰፈር ወንጌልን እንዲሰማ ነበር። አዳራሹ፣ 60ው ወንበር፣ የድምፅ ማጉያው፣ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት፤ እነዚህ እቅድ ናቸው። የተሰበረው እቅዱ ሆኖ ሳለ ልባችን ሸክሙ የተነጠቀ ያህል ያዝናል፤ ምክንያቱም ሁለቱን አንድ ላይ ስንጸልይባቸው ከርመን ተጣብቀዋል።

ሸክማችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ቦታ፣ ቀን፣ ዕቃ፣ የገንዘብ መጠን አታስገቡበት። ሞክራችሁ ካልቻላችሁ፣ ያለ አዳራሹ ያለ መድረኩ የሚጻፍ ነገር ከጠፋ፣ ምናልባት የወደዳችሁት ፕሮግራሙን ሊሆን ይችላል። ይህ ያማል፤ እኔንም አንድ ጊዜ አሞኛል። ቢሆንም አዳራሹ ከተከፈተ በኋላ ከምታውቁት አሁን ብታውቁት ይሻላል።

የሐዋርያት ሥራ 16ን ከፍታችሁ ከቁጥር 6 ጀምሮ በዝግታ አንብቡ፤ ቢቻል ካርታ አጠገባችሁ ይኑር። ጳውሎስ ከሲላስና ከጢሞቴዎስ ጋር ነው። በእስያ እንዳይሰብኩ መንፈስ ቅዱስ ከለከላቸው፤ ያኔ እስያ የሚባለው ዋና ከተማው ኤፌሶን የሆነ፣ በዛሬዋ ቱርክ ምዕራብ ያለ የሮም አውራጃ ነው። ወደ ሰሜን ወደ ቢታንያ ሊሄዱ ሞከሩ፤ ያም አልተፈቀደላቸውም። (ይህችን ቢታንያ ኢየሩሳሌም አጠገብ ካለችው የአልዓዛር መንደር ጋር አታምታቱ፤ ይህች ጥቁር ባሕር ዳር የነበረች አገር ናት።) ሉቃስ በምን እንደተከለከሉ አይነግረንም። ድምፅ ይሁን፣ ሕመም ይሁን፣ የተዘጋ መንገድ ይሁን አናውቅም። የምናውቀው ሁለት "አይሆንም" ይዘው፣ አንድም "ይሁን" ሳይሰሙ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዘው ባሕሩ ዳር ጢሮአዳ መድረሳቸውን ነው። የመቄዶንያው ሰው ራእይ የታየው እዚያ ነው፤ መንገዱ ሲያልቅ።

እንግዲህ ወደ ፊልጵስዩስ ተሻገሩና በወንዙ ዳር የተገኘችውን የመጀመሪያዋን ሴት ተመልከቱ። ልድያ ቀይ ሐር ሻጭ ናት፤ አገሯ ትያጥሮን። ትያጥሮን የት ናት? ያች የተከለከለችው እስያ ውስጥ! ጳውሎስ እንዳይሰብክላቸው ከተከለከሉት ሰዎች ወገን የሆነች ሴት ባሕር ማዶ ተቀምጣ ጠበቀችው። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ራሱ ኤፌሶን ገብቶ ሁለት ዓመት አስተማረ፤ በእስያ የሚኖሩ ሁሉ ቃሉን እስኪሰሙ ድረስ። ሸክሙ ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር። የተለወጠው ጊዜውና መንገዱ ነው።

3. እንቅፋቱ ከየት እንደመጣ መርምሩ

ጳውሎስ ለእንቅፋት ሁሉ አንድ ስም አይሰጥም። በሐዋርያት ሥራ 16 የከለከለው መንፈስ ቅዱስ ነው። በ1ኛ ተሰሎንቄ 2 ወደ እነርሱ እንዳይመጣ ያዘገየው ሰይጣን እንደሆነ ይናገራል። ወደ ሮም ያልመጣበትን ምክንያት በሮሜ 15 ሲያስረዳ ደግሞ ክርስቶስ ባልተሰበከበት ቦታ ሥራ ስለበዛበት እንደሆነ ያመለክታል። አንድ ሐዋርያ፣ ሦስት ዓይነት እንቅፋት። እኔ አራተኛውን ልጨምር፦ የራሳችን ቸልተኝነት። በአገልግሎት ካየሁት ሁሉ ይህ ይበዛል።

ስለዚህ ጾም ከማወጃችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ውላችን በጽሑፍ ነበር ወይስ በቃል? ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ ማመልከቻውን መቼ አስገባን፤ ደግመን ሄደን ጠየቅን? የሰፈሩን ሰዎች፣ የዕድሩን ሽማግሌዎች ቀድመን ሰላም ብለናል? ገንዘባችን እስከ ስንት ወር ያደርሳል? ባሎቻችን፣ ሚስቶቻችን፣ ልጆቻችን በልባቸው ተስማምተዋል ወይስ ዝም ብለው ነው?

የኛ መልስ አሳፋሪ ነበር። የአዳራሹ ውል በቃል ነው፤ ከቀብዱ ሌላ አንድም ወረቀት የለንም። ከሰባታችን በዚያ ሰፈር አንድ ጎረቤት በስሙ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ባለቤቱ ፈርቶ ሊሆን ይችላል፤ በማያውቃቸው ሰዎች ምክንያት ከጎረቤቱ ጋር መጣላት ያልፈለገ ሰው መፍራቱ ይገባኛል። ነገሩን "የጠላት ውጊያ" ብለን ብንዘጋው ኖሮ በሚቀጥለውም ቤት በቃል ውል እንገባ ነበር።

እንቅፋቱ ከናንተ ስሕተት ከሆነ ንስሐ ግቡ፣ የበደላችሁትን ይቅርታ ጠይቁ፣ የጎደለውን አሟሉ። ለዚህ ሰባት ቀን መጾም አያስፈልግም። እንቅፋቱ የምትኖሩበት አገር ሕግ ከሆነ ደግሞ ድፍረትን ከእምነት ለዩ፤ በተለይ በዐረብ አገር ያላችሁ። ቤቷን የከፈተችላችሁን እህት የመኖሪያ ፈቃድ አደጋ ላይ የሚጥል ጀግንነት ከጌታ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ሠላሳ ሆናችሁ በአንድ ቤት ትዘምሩ የነበራችሁት ሦስት ሦስት ሆናችሁ በሹክሹክታ ብትጸልዩ አገልግሎቱ አልቆመም።

ብዙ ጊዜ መርምራችሁም ምንጩ አይለይላችሁም። ያኔ ባለማወቃችሁ ላይ አትቆዝሙ። የሚቀጥሉት እርምጃዎች እንቅፋቱ ከማንም ይምጣ ያው ናቸው።

4. ብቻችሁን አትስሙ

ራእዩን በጢሮአዳ ያየው ጳውሎስ ብቻውን ነው። በማግስቱ ግን "እግዚአብሔር ጠርቶናል" ብለው የደመደሙት ሁሉም አብረው ናቸው፤ ሉቃስም በዚያው ቦታ ላይ "እነርሱ" ማለቱን ትቶ "እኛ" ማለት ይጀምራል። ናታንን ደግሞ አስታውሱ። ዳዊት ቤተ መቅደስ ልሥራ ሲለው ናታን ነቢይ ሆኖ ሳለ "ሂድ፣ በልብህ ያለውን አድርግ" አለው፤ በዚያች ሌሊት ግን የእግዚአብሔር ቃል ወደ እርሱ መጥቶ ጠዋት ተመልሶ ቃሉን አረመ። እውነተኛ ነቢይ ማታ ተሳስቶ ጠዋት ለማረም አያፍርም። ስለዚህ "ጌታ ተናገረኝ" ብሎ የሚመጣውን አክብሩት፣ ስሙት፣ የተናገረውን ግን በደብተራችሁ ቀኝ በኩል ጻፉትና በቃሉና በሽማግሌዎች ፊት ይመዘን።

ሦስት ሰው ጥሩ። አንዱ ለረጅም ዘመን የሚያውቃችሁ ሽማግሌ ይሁን። ሁለተኛው እቅዱ ቢቀጥል ዋጋ የሚከፍል የቤተሰብ ሰው። ሦስተኛው ከመጀመሪያውም እቅዱን ያልደገፈው። ይህን ሦስተኛውን መጥራት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ "ብያችሁ ነበር" እንዳይል ትፈራላችሁ። ይበል። ከዚያ በኋላ የሚለውን ነው የምትፈልጉት። "ትስማማለህ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ "እኛ ያላየነው ምን ይታይሃል?" በሉትና ቡናው ሦስተኛ ዙር እስኪደርስ አታቋርጡት።

5. ጸሎታችሁ ቀን ይኑረው

ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን የሰማው በካሴሉ ወር ነው፤ ንጉሡ "ምን ትለምናለህ?" ያለው በኒሳን። መካከሉ አራት ወር ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ማልቀሱን፣ መጾሙን፣ መጸለዩን እናውቃለን። ንጉሡ ሲጠይቀው ግን የሚፈጅበትን ጊዜ፣ ለገዢዎች የሚጻፈውን ደብዳቤ፣ የዱሩ ጠባቂ አሳፍ የሚሰጠውን እንጨት ሳይቀር አንድ በአንድ ተናገረ። እየጸለየ ያሰላ ነበር ማለት ነው። ኢየሩሳሌም ከደረሰ በኋላም ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ተነሥቶ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ አየ፤ ለማንም አልተናገረም። ቅጥሩ በ52 ቀን ያለቀው ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ነው።

እናንተም 21 ቀን ወይም 40 ቀን ወስኑ። የሚያበቃበትን ቀን በደብተሩ ላይ ጻፉ። ምን እንደምትጠይቁ በግልጽ አስቀምጡ፤ "ምራን" ብቻ አይበቃም። "በዚያው ሰፈር ሌላ ቤት እንፈልግ ወይስ እንቆይ?" በሉ። ቀን የሌለው መጠበቅ ሳይታወቅ መርሳት ይሆናል፤ ብዙ መልካም ሸክም በዚህ ሲቀበር አይቻለሁ።

6. ሒሳባችሁንና ቃላችሁን አጥሩ

መንፈሳዊ መጻሕፍት ይህን እምብዛም አይነኩትም። እቅዳችሁ የናንተ ብቻ አልነበረም። ከጓሮዋ ጎመን ሸጣ 50 ብር ያዋጣች እናት አለች። "እሑድ ኑ" የተባሉ ልጆች አሉ።

ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ የሚሄድበትን እቅድ ሲለውጥ ሰዎች ቃሉ አይጸናም ብለው አሙት። በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 1 እና 2 ላይ "ጌታ ስለመራኝ ነው" ብሎ አፋቸውን አላስዘጋም። ለምን እንዳልመጣ፣ በእንባ እንደጻፈላቸው፣ ሊያሳዝናቸው ስላልፈለገ እንደቀረ በዝርዝር አስረዳ። ሐዋርያ ማብራሪያ ከሰጠ እኛም እንሰጣለን።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ይህን ጨርሱ። ስንት ተሰበሰበ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ፤ በወረቀት ላይ ይስፈር፣ ሁለት ሰው ይፈርምበት። ለአንድ ዓላማ የተሰጠን ገንዘብ ለሌላ ከማዋላችሁ በፊት ሰጪዎቹን አስፈቅዱ፤ እንዲመለስለት የሚፈልግ ካለ ሳታኮርፉ መልሱለት። የጋበዛችሁት ሰው ካለ ደግሞ የተዘጋ በር እንዳይጠብቀው። እኛ ያን እሑድ ሁለት ሰው አዳራሹ ደጃፍ ላይ አቆምን። 11 ሰው መጣ። ይቅርታ ጠየቅን፤ ስልካቸውን ተቀበልን፤ ሻይ ጋበዝናቸው።

7. በእጃችሁ ያለውን ሥሩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ አንድ ሰው ልጥራላችሁ። አናሲሞስ ነሲብ ኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ የተወለደ፣ ስሙ ሂካ የነበረ፣ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ነው። ምጽዋ አጠገብ ባለችው እምኩሉ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1872 እ.ኤ.አ. ተጠመቀ፤ ስዊድን ተልኮ አምስት ዓመት ተምሮ ተመለሰ። ሸክሙ ወገኑ ኦሮሞ ወንጌልን በገዛ ቋንቋው እንዲሰማ ነበር። እቅዱም ወደ ኦሮሞ ምድር መግባት ነው። በ1881 ከጓደኞቹ ጋር በሱዳን በኩል ሞከረ፤ ፋማካ ድረስ ሄደው መንገዱ አላስኬድ አላቸው። በ1882 ካርቱም ሲመለሱ እርሱ በንዳድ ታሞ ነበር። በ1886 ሁለተኛ ተነሥተው እንጦጦ ደረሱ፤ ከዚያ ወዲያ ማለፍ ተከለከሉ። ሁለት ጊዜ ተዘጋጅቶ ሁለት ጊዜ ወደዚያችው እምኩሉ ተመለሰ።

እምኩሉ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉም ጀመር። ነገር ግን ጉድለት ነበረበት፤ ከአገሩ በልጅነቱ ስለተነጠቀ የቋንቋው ሀብት በእጁ ሙሉ አልነበረም። በዚያው በ1886 ባሮች የጫነ መርከብ በጣልያኖች ተይዞ፣ ነጻ ከወጡት ኦሮሞዎች መካከል አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት እምኩሉ መጣች። ኦሮምኛዋ ከነተረቱ፣ ከነእንቆቅልሹ፣ ከነዘፈኑ አብሯት ነበር። ቃላቱን አሰባሰበችለት፤ ትርጉሙንም አብራው ሠራች። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። በ1894 የንባብ መማሪያ መጽሐፍ ወጣ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። አናሲሞስ ወለጋ ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው፤ ከመጀመሪያው ጉዞው 23 ዓመት በኋላ፣ መጽሐፉን ይዞ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በተነሣበት ተቃውሞ እንዳይሰብክ ታገደ። ማስተማር ግን አልተከለከለምና ማስተማሩን ያዘ።

በ1886 እንጦጦ ላይ "እለፍ" ቢባል ኖሮ መጽሐፉንም አስቴርንም ሳያገኝ ይገባ ነበር። ይህ ለኛ ከመቶ ዓመት በኋላ ስለምናነበው ይታየናል። እርሱ ግን ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ሲመለስ እምኩሉ ማን እንደምትጠብቀው አያውቅም። የሚያውቀው ጠረጴዛና ወረቀት እንዳለው ነው።

እናንተም አንድ ወረቀት ላይ በእጃችሁ የቀረውን ዘርዝሩ፤ ሰው፣ ዕቃ፣ ሙያ፣ ትርፍ ሰዓት። ከዝርዝሩ ውስጥ ለዚያው ሸክም የሚያገለግል፣ የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ አንድ ነገር ምረጡና በሰባት ቀን ውስጥ ጀምሩ። ትንሽ ይሁን። ዕረፍት የተከለከለች እህት በስልክ አንዲት ሌላ እህትን መዝሙር ልታስጠና ትችላለች። የኪራይ ቤተ ክርስቲያን ያጡ ሰዎች የልጆቹን የአማርኛ ትምህርት በየሳሎናቸው ሊቀጥሉ ይችላሉ። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ምእመናን በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ መሰብሰባቸውን ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ያኔ በእጅ የቀረው ሳሎን ነበር።

በኛ እጅ የቀረው ወንበር ነው። ያን ሐሙስ ማታ በዚያ ሰፈር በምትኖር እህት ግቢ አውርደን ሸራ አለበስነው። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤት ሰው ሞተ። የዕድሩ ወንበር አልበቃ ብሎ የዕድሩ ሰብሳቢ መጥተው "ልጄ፣ ያን ወንበራችሁን ታውሱናላችሁ?" አሏት። ተሸክመን ወሰድን። ወንበር አድርሶ መመለስ ነውር ስለሆነ ለቅሶ ተቀመጥን፤ ሴቶቹ ንፍሮ ሲቀቅሉ ውኃ ቀዳን፣ ብርጭቆ አጠብን፣ ድንኳኑ በነፋስ ሲነሣ ገመዱን ያዝን። ማንም አልሰበከም። በሦስተኛው ቀን የሟች እናት አንዷን እህታችንን እጇን ይዘው "እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?" አሏት። ሦስት ወር ስንጸልይለት ከከረምነው ሰፈር የመጣልን የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው።

8. ዳግመኛ መቼ ይንኳኳል፣ መቼ ይተዋል?

ቀነ ገደቡ ሲደርስ እነዚህን ተመልከቱ። ሸክሙ አሁንም አለ ወይስ እቅዱ ሲሰበር አብሮ ጠፋ? የጎደለውን አሟልታችኋል? የጠየቃችኋቸው ሦስት ሰዎች ምን አሉ? መልሱ ወደ መሞከር ካዘነበለ ሞክሩ፤ የተዘጋን በር በትሕትና ዳግመኛ ማንኳኳት አለማመን አይደለም። አናሲሞስ ሁለተኛ ሞክሯል። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች አንድና ሁለት ጊዜ ሊመጣ እንደፈለገ ጽፎላቸዋል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መንገዱ ራሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስዳችኋል። በ1928 እ.ኤ.አ. ዶክተር ላምቢና የሱዳን ኢንቴሪየር ሚስዮን ባልደረቦቹ ከአዲስ አበባ በበቅሎ ሲነሡ ልባቸው ጅማ ላይ ነበር። ሥራቸው የተተከለው ግን በከምባታና ሐዲያ፣ በወላይታና በሲዳሞ ነው። በ1937 ጣልያኖች ሚስዮናውያኑን ሲያስወጡ በወላይታ የተጠመቁት ምእመናን 48 ያህል ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 ገደማ እንደሆኑ ተገመተ። ጅማ የቀረው በማን ምክንያት ነው ብሎ ዛሬ የሚከራከር ሰው አላውቅም።

መተውም አለ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እዋሻችኋለሁ። ዳዊት ቤቱን ሊሠራ መፈለጉ መልካም እንደነበረ እግዚአብሔር ራሱ መስክሮለታል፤ መልሱ ግን "አንተ አትሠራውም" ነው። ዳዊት ምን አደረገ? ወርቁን፣ ብሩን፣ ዝግባውን፣ ጠራቢዎቹን አዘጋጅቶ ለልጁ አስረከበ። ቤተሰባችሁ እየፈረሰ ከሆነ፣ ሽማግሌዎቻችሁ በአንድ ድምፅ "በቃ" ካሉ፣ ለመቀጠል መዋሸት ወይም ሰውን ማስጨነቅ ካስፈለገ እቅዱን ልቀቁት። ያዘጋጃችሁትን ጥናት፣ የስልክ ዝርዝር፣ ዕቃውንም ለሚሠራው ሰው አስረክቡ፤ ያም ሰው ከሌላ አጥቢያ ቢሆን።

እዚህ ላይ ልባችሁን ጠብቁ። በሩን የዘጋባችሁን ሰው በጸሎት ሰዓት በስሙ ባርኩት፤ አፋችሁ እምቢ ቢል አጭር ይሁን። እናንተ ባጣችሁት ቦታ ሌሎች ቢገቡበት ሄዳችሁ "እንኳን ደስ አላችሁ" በሏቸው። ይህን ካደረጋችሁ ሳምንቱን በእርጋታ ትተኛላችሁ።

9. ደብተሩን ክፈቱት

በወሰናችሁት ቀን ሁላችሁም ተሰብሰቡ። ደብተሩን አውጡና በግራ የተጻፈውን፣ ከዚያም በቀኝ የተጻፈውን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። አዲስ ገጽ ገልጣችሁ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ጻፉ፤ እንደ ግራው ረድፍ፣ ትርጓሜ ሳትጨምሩበት። ከዚያ የሚቀጥለውን ቀነ ገደብ ወስኑ።

እኛ ያነበብነው በእህታችን ግቢ፣ በእነዚያው ወንበሮች ላይ ተቀምጠን ነው። አዳራሽ እስከ ዛሬ አልተከራየንም፤ በዚያ ግቢ 14 ሰው ሆነን ረቡዕ ረቡዕ እንጸልያለን። "የጠላት ሥራ ነው" ያለው ወንድም የራሱን ቃል ሲሰማ እስክሪብቶ ጠየቀ። መስመሩን አልሰረዘውም፤ ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አደረገበት። ከዚያ ወንበር ሊጭን ተነሣ። በማግስቱ የአዳራሹ ባለቤት ልጁን ይድር ነበርና ሰው ልኮ 40 ወንበር እንድናውሰው ጠይቆን ነበር።